ምዕራፍ 7፦ «ምንም አልሆንኩም» የሚለው መልስ እንዴት ይለካል?

የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ወርውሮ ክፍሉ ይገባል። ምሳ ቢቀርብለትም አይነካውም። እናቱ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ምንም አልሆንኩም» ይላል። ደግማ ስትጠይቀው «ሆዴን አሞኛል» ይላል። ሦስተኛ ስትጠይቀው በሩን ይዘጋል።

ይህ በብዙ ቤት የሚታይ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜም ልጁ ያስከፋውን ነገር በደንብ ያውቀዋል፤ ዝም ያለው ለእናቱ መናገር ስላልፈለገ ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ግን ሌላኛው ልጅ ነው፤ «ምንም አልሆንኩም» ሲል የማይዋሸው። ውስጡን የሚያስጨንቀው ነገር አለ። ቁጣ ይሁን ኀፍረት፣ ፍርሃት ይሁን ሐዘን ግን ለራሱም አልለይ ብሎታል።

ሁለቱ ልጆች ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የሚያምነው ሰው ካገኘ ይናገራል። ሁለተኛው የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጦም የሚለው ይጠፋዋል። አንዱን ከሌላው ለመለየት መለኪያ ያስፈልጋል፤ መለኪያውን መሥራት ደግሞ ከታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል።

ስሙ ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ኔማያ እና ፒተር ሲፍኒዮስ የተባሉ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በአሜሪካ ቦስተን ከተማ፣ የአካል ሕመማቸው ከጭንቀት ጋር የተያያዘ የሚመስል ሰዎችን ያነጋግሩ ነበር። ሕመምተኞቹ ስለ ውሏቸው በዝርዝር ያወራሉ፤ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ ስንት ሰዓት ላይ ሆነ። «ያኔ ምን ተሰማዎት?» ሲባሉ ግን ወሬው ይቆማል። ወይ ስለ ሰውነታቸው ይመልሳሉ፣ ወይ ሌላው ሰው ያደረገውን ይደግማሉ። ትውልዱ ግሪክ የሆነው ሲፍኒዮስ ለዚህ ባሕርይ ከአገሩ ቋንቋ ስም አወጣለት፦ አሌክሲታይሚያ፤ ለስሜት ቃል ማጣት እንደ ማለት ነው።

አሌክሲታይሚያ በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያም በሕመም ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባውም። በየሰው መጠኑ የሚለያይ ባሕርይ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ተያይዘው ይነሱበታል፦ የራስን ስሜት መለየት መቸገር፣ የለዩትን ለሌላ ሰው መግለጽ መቸገር፣ እና ሐሳብን ከውስጥ ይልቅ በውጭ በሚሆነው ነገር ላይ ብቻ ማሳረፍ። ኦቲዝም ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ በሚያህሉት ላይ ይህ ባሕርይ ጎልቶ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ከድባቴ ጋርም ደጋግሞ አብሮ ይገኛል።

የልጆች ጉዳይ በተለይ የሚያሳስበው በአንድ ቀላል ምክንያት ነው። ለተጨነቀ ልጅ የሚሰጠው የሥነ ልቦና እርዳታ ባብዛኛው በንግግር የሚሰጥ ነው። አማካሪው «ስትናደድ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ሲጀምር፣ መናደዱ ለራሱ ያልታወቀው ልጅ ገና ከመነሻው ይቀራል። ይህ አስቀድሞ ካልታወቀ ደግሞ «አይተባበርም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ጥፋቱም የእሱ ይሆናል።

ሰሌዳው ይታይሃል?

ከሕፃንነቱ ጀምሮ ርቆ ያለ ነገር የሚደበዝዝበትን ተማሪ እናስብ። ሌላው ሰውም እንደ እሱ የሚያይ ይመስለዋል። መምህሩ «ሰሌዳው ይታይሃል?» ቢለው «አዎ» ይላል። አልዋሸም፤ ሰሌዳው ይታየዋል፣ ያልታየው የተጻፈው ነው። ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ይገለብጣል፤ ያም ሲከለከል ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሰነፍም ይባላል። ስለ ዓይኑ ራሱን መጠየቅ ያልጠቀመው፣ የሚያመሳክርበት ሌላ ዓይን ስለሌለው ነው።

ኔዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ኸርማን ስኔለን በ1862 ያዘጋጀው የፊደላት ሰንጠረዥ ይህን ችግር የፈታው ጥያቄውን ትቶ ሥራ በማዘዝ ነው። ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደላት አሉ፤ ተመርማሪው የሚችለውን ያነባል፣ የት ላይ እንደቆመ ይታያል። ሰንጠረዡ ግን የራሱ ጉድለት አለው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ ይወድቃል። ለዚህም ነው በብዙ ጤና ጣቢያዎች ግድግዳ ላይ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞረ ሦስት እግር ያለው ምልክት የሚሰቀለው፤ ተመርማሪው እግሮቹ የዞሩበትን አቅጣጫ በእጁ ያመለክታል፣ ማንበብ አይጠበቅበትም።

የስሜት መለኪያዎች ታሪክም በእነዚሁ ሁለት ችግሮች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። አንደኛው፣ ችግሩ ያለበትን ሰው ስለ ችግሩ ራሱን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ መለኪያው ሊለካ ከተነሳበት ነገር ሌላ ችሎታ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በምዕራፍ 4 አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ለፓሪስ ልጆች የአእምሮ ችሎታ ፈተና ሲያዘጋጁ እንደታየው፣ እነሱ ልጁን «ጎበዝ ነህ?» አላሉትም፤ ሥዕል አሳይተው ዕቃ እንዲጠራ፣ ሁለት መስመር አሳይተው ረጅሙን እንዲለይ አደረጉት። የስሜት ተመራማሪዎች ግን ለረጅም ጊዜ የሄዱት በሌላው መንገድ ነው፦ በመጠየቅ።

የቶሮንቶው መጠይቅ

በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የአሌክሲታይሚያ መለኪያ በ1994 የታተመው የቶሮንቶ መጠይቅ ነው። ያዘጋጁት ማይክል ባግቢ፣ ጄምስ ፓርከር እና ግሬም ቴይለር ናቸው። ሃያ ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ሰባቱ ስሜትን ስለ መለየት፣ አምስቱ ስለ መግለጽ፣ ስምንቱ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል አስተሳሰብ ናቸው። መላሹ በእያንዳንዱ ላይ ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ያመለክታል። ድምሩ ከ20 እስከ 100 ይደርሳል፤ እስከ 51 ያገኘ ችግሩ የለበትም፣ ከ52 እስከ 60 አጠራጣሪ ነው፣ 61ና ከዚያ በላይ ያገኘ አሌክሲታይሚያ አለበት ይባላል።

መጠይቁ የተዘጋጀው ለአዋቂዎች ነው። የመቁረጫ ነጥቦቹም ለአዋቂዎች የወጡ ናቸው። የ12 ዓመት ልጅ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዳንዶቹን ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። አንዱ፣ መላሹ የሰዎችን ውስጣዊ ሕይወት ከሚመረምር ድራማ ይልቅ ቀለል ያለ መዝናኛ ይመርጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ለአርባ ዓመት ሰው ይህ ስለ ዝንባሌው የሚናገረው ነገር ሊኖር ይችላል። ልጁ ግን ቀለል ያለ መዝናኛ የሚመርጠው ልጅ ስለሆነ ነው። ሌላው፣ በፊልም ውስጥ የተደበቀ ትርጉም መፈለግ ደስታውን ያበላሽ እንደሆነ ያነሳል። የተደበቀ ትርጉም መፈለግን ገና ያልተማረ ልጅ በዚህ ላይ የሚያከብበው ቁጥር ከግምት አያልፍም።

ከዚህም የባሰ ወጥመድ አለ። ከሃያዎቹ አምስቱ ተገልብጠው የተጻፉ ናቸው፤ ማለትም በእነሱ መስማማት ችግር አለመኖሩን ያሳያል፣ በሌሎቹ አሥራ አምስት መስማማት ግን ችግር መኖሩን። ይህ የሚደረገው ሳያነብ አንዱን ቁጥር ብቻ እየደጋገመ የሚያከብበውን መላሽ ለመያዝ ነው። በደንብ የሚያነብ አዋቂ ልዩነቱን ያስተውላል። ቀስ እያለ የሚያነብ ታዳጊ ግን «ይከብደኛል» በሚል ዐረፍተ ነገር ላይ «አልስማማም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲያሰላስል ቆይቶ በተቃራኒው ያከብባል። የተለካው ያን ጊዜ የማንበብ ችሎታው ነው።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። በ2010 ጄምስ ፓርከር እና ባልደረቦቹ መጠይቁን ከ13 እስከ 14፣ ከ15 እስከ 16፣ ከ17 እስከ 18 እና ከ19 እስከ 21 ዓመት ባሉ አራት ቡድኖች ላይ ፈተሹት። ዕድሜ ባነሰ ቁጥር የመለኪያው ጥራት ደረጃ በደረጃ እየወረደ ሄደ፤ ለዚህም ትልቁ ምክንያት የንባቡ ክብደት ነበር። መጠይቁን ከሠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ፓርከር፣ ለታዳጊዎች የሚመጥን ሌላ መለኪያ እስኪዘጋጅ ድረስ ይሄኛው ባይሰጣቸው ይሻላል ብሎ ጻፈ። የገዛ ሥራን እንዲህ በአደባባይ ለይቶ «እዚህ ላይ አይሠራም» ማለት በሳይንስ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው።

በልጅ ልክ

ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ ኔዘርላንዳዊቷ ካሮሊን ሪፌ ከባልደረቦቿ ጋር ለልጆች የሚሆን መጠይቅ አውጥታ ነበር። ሃያዎቹን ሐሳቦች ይዛ ቋንቋቸውን አቀለለች፤ አምስቱን የመልስ አማራጮችም ወደ ሦስት አወረደች። ልጁ ዐረፍተ ነገሩ ለእሱ እውነት መሆኑን፣ በመጠኑ እውነት መሆኑን ወይም እውነት አለመሆኑን ብቻ ይመርጣል።

ስሜትን መለየትና መግለጽን የሚመለከቱት ሁለቱ ክፍሎች በልጆችም ዘንድ ደህና ሠሩ። እነዚህ ነገሮች ይከብዱናል ያሉት ልጆች የሆድና የራስ ሕመምን የመሰለ ቅሬታም ይበዛባቸው ነበር። ሦስተኛው፣ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል አስተሳሰብ የሚጠይቀው ክፍል ግን አልተሳካም። በምዕራፍ 5 አስተማማኝነት ያልነው ነገር ጎደለው፦ አንድን ባሕርይ ይለካሉ የተባሉት ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ በአንዱ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ልጅ በሌላው ዝቅተኛ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶችም ይኸው ክፍል ደጋግሞ አስቸግሯል። ስለዚህ በጥናት ዘገባ ላይ የልጆች ጠቅላላ ድምር ብቻ ተጽፎ ሲገኝ መጠራጠር ተገቢ ነው፤ ደካማው ክፍል ጠንካሮቹን አደብዝዟቸው ይሆናል።

ቋንቋ ማቅለል የንባቡን ችግር ያቃልላል። የመጀመሪያውን ችግር ግን አይነካውም፤ አሁንም ልጁ ስለ ራሱ እየተጠየቀ ነው። በዚህ ላይ ሌላ የተነሳ ቅሬታ አለ። አንዳንድ ተመራማሪዎች የቶሮንቶው መጠይቅ፣ በተለይም ስሜትን ስለ መለየት የሚጠይቀው ክፍሉ፣ አሌክሲታይሚያን ሳይሆን አጠቃላይ ጭንቀትን እየለካ ነው ይላሉ። የተጨነቀ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ሁሉም ነገር ይከብደዋል፤ ሰውነቱ ውስጥ የሚሰማው ነገር ግራ ያጋባዋል፣ መግለጽም ያቅተዋል። ቤተሰቡ ሊበተን የደረሰበት የ13 ዓመት ልጅ ከፍተኛ ነጥብ ቢያመጣ፣ ነጥቡ የዓመታት ባሕርይውን ይሁን የዚያን ወር ሐዘኑን ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ሳይጠይቁ ማየት

የስኔለንን መንገድ የተከተለ ሙከራም አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ሌን ከጌሪ ሽዋርትዝ ጋር በ1980ዎቹ ያፈለቀው ሐሳብ፣ የስሜት ግንዛቤ በደረጃ የሚያድግ ችሎታ ነው የሚል ነው። በዚህ ላይ የተመሠረተው የልጆች መለኪያ በ2005 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ተዘጋጀ። ለልጁ አሥራ ሁለት አጫጭር ሁኔታዎች ይቀርቡለታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይጠየቃል፦ አንተ ምን ይሰማሃል? ሌላው ሰው ምን ይሰማዋል?

አሠራሩን ለማሳየት ያህል ተመሳሳይ ሁኔታ እንፍጠር። ሁለት ጓደኛሞች ለፈተና አብረው ሲያጠኑ ከረሙ። መምህሯ ውጤት ስትናገር አንደኛ የወጣው ጓደኛህ ነው፤ አንተ ሁለተኛ ነህ። «ጎበዝ መሆን አለብኝ ብዬ አስባለሁ» ያለ ልጅ የተናገረው ስለ ሐሳቡ እንጂ ስለ ስሜቱ ስላልሆነ ዜሮ ያገኛል። «ሆዴን ይቆርጠኛል» ያለው አንድ፤ ሰውነቱን አስተውሏል። «ደስ አይለኝም፣ ከክፍል መውጣት እፈልጋለሁ» ያለው ሁለት። «አዝናለሁ» ያለው ሦስት፤ ስሜቱን በስሙ ጠርቷል። «አዝናለሁ፣ ቢሆንም ለእሱ ደስ ይለኛል» ያለው አራት፤ ሁለት ስሜት በአንድ ጊዜ ይዟል። አምስት የሚሰጠው፣ ከዚህ በላይ ለጓደኛውም እንዲሁ የተደራረበና ከራሱ የተለየ ስሜት ለሰጠ ልጅ ነው፦ «እሱ በውጤቱ ይኮራል፣ ግን ለእኔ አዝኖ ይሸማቀቃል።»

እዚህ ላይ ልጁ «ስሜትህን ታውቃለህ?» አልተባለም። የሚያውቀውን ያህል አሳየ፤ የት ላይ እንደቆመም ታየ።

ይህ መለኪያ ግን ከቃላት ነፃ አይደለም። ብዙ የሚጽፍ ልጅ ብዙ ስሜት የመጥራት ዕድል አለው፤ መልሱን የሚያርመው ሰው መሠልጠን አለበት፤ ጊዜም ይወስዳል። ከመጠይቆቹ ጋር ያለው ስምምነትም ደካማ ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ውድቀት ይቆጥሩታል፤ በእርግጥ ግን የሚጠበቅ ነው። መጠይቁ ልጁ ስለ ችሎታው ያለውን አስተያየት ሲለካ፣ ሁኔታዎቹ ችሎታውን ራሱን ይለካሉ። «ሰሌዳው ይታየኛል» ያለው ተማሪ ሰንጠረዡ ፊት ሲቆም ሁለቱ መልሶች አልተገጣጠሙም፤ የልጁን ችግር የገለጠውም ይኸው አለመገጣጠም ነው።

በአማርኛ የሚያስብ ልጅ ላይ ይህን መለኪያ ለመሞከር የሚነሳ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። «ሆዴ ባባ» ወይም «አንጀቴ አረረ» ብሎ የጻፈ ልጅ ስለ ሆድ ዕቃው እየተናገረ አይደለም፤ ስሜቱን በትክክል ጠርቷል። የእርማት መመሪያው ቃል በቃል ከተመለሰ ግን ይህ ልጅ የሰውነት ደረጃ ላይ ተመድቦ አንድ ነጥብ ይቀበላል። በሌላ በኩል «ሆዴን አመመኝ» ያለው በእርግጥም ሕመም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ቋንቋውን ከቤት የተማረ አራሚ ብቻ ነው።

ቤተሰብ ምን ያያል?

ልጁ ካላወቀ ወላጁን ለምን አንጠይቅም? ይህም ተሞክሯል። በሚቺጋን፣ አሜሪካ፣ ከባድ ጉዳት የደረሰባቸውን ልጆች ታሳቢ አድርጎ በ2010 የወጣ መለኪያ አሳዳጊው የሚሞላቸው አሥራ አራት ዐረፍተ ነገሮች አሉት። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ልጁ ስለ ራሱ ማወቅ አይጠበቅበትም።

ችግሩ ያለው አዋቂው የሚያየው ውጩን ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ቶማስ አኬንባክ እና ባልደረቦቹ በ1987 አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ጥናቶችን አሰባስበው፣ ስለ አንድ ልጅ ችግር የተለያዩ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ምን ያህል እንደሚስማማ አሰሉ። 1 ሙሉ ስምምነትን፣ 0 ምንም አለመስማማትን በሚያሳይበት ልኬት፣ እንደ እናትና አባት ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ሰዎች 0.60 ተስማሙ። እንደ ወላጅና መምህር ያሉት 0.28። ልጁ ራሱ እና ስለ እሱ የተጠየቁት አዋቂዎች ግን 0.22 ብቻ።

በስደት ባሉ ቤተሰቦች ክፍተቱ ሌላ ምክንያት ሊጨመርበት ይችላል። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ የሚናገር ታዳጊ ስለ ስሜቱ የሚያወራው ከጓደኞቹ በተማረው ቋንቋ ሊሆን ይችላል። እናቱ መጠይቁን ስትሞላ «ስሜቱን አይናገርም» ብትል እውነቷን ነው፤ ለእሷ አልተናገረም።

ገና በማደግ ላይ ያለ ችሎታ

ከሁሉ በላይ ግን የዕድሜው ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ታዳጊ የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ስሜት የሚደበላለቅባቸው ናቸው። ኤሪክ ኑክ እና ባልደረቦቹ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ5 እስከ 25 ዓመት ለሆኑ 143 ሰዎች ደስ የማያሰኙ ሥዕሎች አሳዩ፤ ቁጣ፣ መጸየፍ፣ ሐዘን፣ ፍርሃትና መከፋት ምን ያህል እንደተሰማቸውም ጠየቁ። ስሜትን ከስሜት የመለየት ችሎታ በዕድሜ ቀጥ ብሎ አልወጣም። በልጅነት ከፍ ብሎ ታየ፣ በጉርምስና ወረደ፣ ወደ አዋቂነት ሲጠጋ እንደገና ወጣ።

ማብራሪያው ከውጤቱ ይበልጥ ይመስጣል። ትንሹ ልጅ የሚለየው ስለበለጠ አይደለም፤ ወይ ተናድዷል ወይ ፈርቷል፣ በአንድ ጊዜ ሁለቱን አያነሳም። ታዳጊው ግን ብዙ ስሜት በአንድ ጊዜ እንደሚኖር ደርሶበታል፤ እያንዳንዱን ለይቶ የመያዝ ልምድ ገና አልመጣለትም። «ምን እንደሆንኩ አላውቅም» የሚል የ13 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመቱ ወንድሙ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት አይደለም። ወደ ከባዱ መንገድ ገብቶ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው በጣም ተግባራዊ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ የተጠቀሰውን ዓይነት ልጅ የሚመረምር ባለሙያ ውጤቱን ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር እንጂ ለአዋቂ ከወጣው 61 ጋር ማስተያየት የለበትም። ንባቡ የሚከብደው ከሆነ ጥያቄው ጮክ ተብሎ ይነበብለታል። የድባቴና የጭንቀት መጠይቅ በዚያው ዕለት አብሮ ይሰጠዋል፤ የሁለቱ ነጥብ አብሮ ከፍ ካለ ስለ ቋሚ ባሕርይ ማውራት ይዘገያል። ሁለት ሦስት ሁኔታዎች ቀርበውለት በራሱ ቃል ይመልሳል፤ ወላጅም ለብቻ ይጠየቃል። ከወራት በኋላ፣ ያስጨነቀው ነገር ሲያልፍ፣ ልኬቱ ይደገማል። በፋይሉ ላይም ከነጥቡ ጎን ጥያቄውን ራሱ አንብቦት ይሁን ተነብቦለት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደመለሰና መልሱን ማን እንዳረመው ሊጻፍ ይገባል።